ቀኙስ?

ቀድሞ የደረሰኝ ሽታው ነው። ቅዳሜ ጠዋት፣ ጣራዋን ገልጬ፣ ከአሌክሳንድሪያ ወደ ማውንት ቨርነን በሚወስደው የፖቶማክ ወንዝ ዳር መንገድ ላይ እየነዳሁ ነበር። ዛፎቹ ከላይ ተገናኝተው መንገዱን ጥላ አልብሰውታል። መሀል ላይ የዝይ ቤተሰብ፣ እናትና ጫጩቶች፣ ተሰልፈው ሲሻገሩ ስላገኘኋቸው ፍሬን በኃይል ረገጥኩ። አለፉልኝ፤ ጉዞዬን ቀጠልኩ። አምስት ደቂቃ ያህል እንደሄድኩ የሆነ ነገር ሲቃጠል ሸተተኝ። ጎማ አይደለም፣ የሞተር ዘይትም አይደለም፤ ምጣድ ላይ የተረሳ ማሰሻ ጨርቅ ይመስላል። እግሬን ከቤንዚን ሳነሳ በራሷ መንሸራተት የሚገባት መኪና፣ ከኋላ ቀሚሷን የያዛት ሰው ያለ ይመስል ወዲያው ትዘገያለች።

ወንዙ ወደሚታይበት ማቆሚያ ገባሁ። ቦታው ትንሽ ቁልቁለት አለው። ማርሹን ዜሮ ላይ አድርጌ ፍሬኑን ለቀቅሁ፤ ንቅንቅ አላለችም። ወርጄ ዞርኳት። የቀኝ የኋላ ጎማ እጅ ላይ እንደያዙት የሻይ ብርጭቆ ለብ ብሏል። ወደ ግራው ግን መዳፌን ማስጠጋት እንኳ አልቻልኩም። ከውሃ ጠርሙሴ ጥቂት ጠብታ መሀሉ ላይ ባፈስበት ችስ ብሎ ተነነ።

ዛፍ ሥር ተቀምጬ አርባ ደቂቃ ጠበቅሁ። ከዚያ ሞተሩን አስነስቼ ስነሳ ከግራ የኋላ ጎማ በኩል «ቀጭ» የሚል ቀጭን ድምፅ ሰማሁ፤ መኪናዋም ምንም እንዳልነካት ሁሉ ነጻ ሆና ሄደች። ቤቴ እስክደርስ ፍሬኑን እንደ እንቁላል እየነካሁ፣ በማርሽ እያቀዘቀዝኩ ነዳሁ።

ዛሬ ወደኋላ ሳስበው መኪናዋ ሕመሟን የነገረችኝ ያን ዕለት ጠዋት ነው፤ አንድም ነገር አልደበቀችኝም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ያገኘሁት መልስ በሙሉ ከላይ በጻፍኳቸው ጥቂት መስመሮች ውስጥ አለ።

መኪናዋ እ.ኤ.አ. የ1970 ኤምጂቢ ናት። እንግሊዝ አገር፣ አቢንግደን በምትባል ትንሽ ከተማ ከ1962 እስከ 1980 ሲሠራ የኖረ ባለሁለት ወንበር ነው። ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተመርቶ አብዛኛው ወደ አሜሪካ ስለመጣ፣ እዚህ ቨርጂኒያ ውስጥ አሮጌ ኤምጂቢ ማግኘት ከባድ አይደለም። ሞተሩ 1,798 ሲሲ ነው፤ ለዛሬ ሰው ትንሽ፣ ለእሷ ግን በቂ። ከፊት የዲስክ ፍሬን፣ ከኋላ ታምቡር አላት። ቸርኬዎቿ እንደ ብስክሌት ባለሽቦ ናቸው፤ መሀላቸው ላይ ባለች አንድ ትልቅ ባለክንፍ ዳዶ ይታሰራሉ፤ ዳዶዋም የምትፈታው በመዳብ መዶሻ በመምታት ነው። እኔ ከመግዛቴ በፊት አሥራ አንድ ዓመት ጋራዥ ውስጥ ቆማለች። ሞተሩን አድሻለሁ፣ የፊት ፍሬኑን ቀይሬያለሁ። የኋላውን «ይሠራል» ብዬ ትቼው ነበር።

እሑድ ጠዋት ወደ ሥራው ገባሁ። ከፊት ጎማዎቹ ታኮ አስገባሁ፤ ጎማው መሬት ላይ እንዳለ የዳዶውን ክንፍ በመዶሻ መትቼ አላላሁት፤ ከዚያ በክሪክ አንስቼ የብረት መቆሚያ ላይ አሳረፍኳት። የግራውን ጎማ በእጄ ባሽከረክረው ሰተት ብሎ ዞረ። ቀኙ በተቃራኒ አቅጣጫ አብሮት ዞረ፤ ሁለቱም ጎማ አየር ላይ ሲሆን ዲፈረንሻሉ የሚያደርገው ይኸንኑ ነው። ምንም የያዘ ነገር የለም። ትናንት ውሃ ያፈላ ጎማ ዛሬ እንደ ሕፃን መጫወቻ ይሽከረከራል።

ሲቀዘቅዝ ይጠፋል፣ ሲሞቅ ይመጣል ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ። ይህ የመጀመሪያ ስህተቴ ነበር፤ ሁለተኛውን ወለደው። በሙቀት የሚመጣ ነገር ላስቲክ ነው አልኩና የኋላውን የፍሬን ቱቦ ጠረጠርኩ። ጥርጣሬው መሠረት የለውም አይባልም። ከመኪናው አካል ወደ ኋላው አክስል ዘይት የሚያሻግረው ተጣጣፊ ቱቦ ሲያረጅ ውጪው ደህና መስሎ ውስጡ ያብጣል፤ ቀዳዳው ጠቦ የመርፌ ዓይን ያህላል። ፍሬን ሲረገጥ የእግር ኃይል በፖምፓው ተባዝቶ ዘይቱን በዚያ ጠባብ ቀዳዳ እየገፋ ያሳልፈዋል። ሲለቀቅ ግን ዘይቱን የሚመልሰው የሞላዎቹ ጉልበት ብቻ ስለሆነ አቅም ያጣል፤ ዘይቱ እዚያው ታፍኖ ይቀርና ፍሬኑ ይነክሳል። በአሮጌ መኪና ላይ ይህ በእውነት የሚደርስ ነገር ነው። እናም አዲስ ቱቦ ገዝቼ ቀየርኩ፣ አየሩን አስወጣሁ፣ አዲስ ዘይት ሞላሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ያው መንገድ፣ ያው ሽታ። ያው ግራ ጎማ።

በዚህ መሀል አጎቴ የልጅ ልጃቸውን ሊያዩ ከአዲስ አበባ መጡ። ጋሼ ሶማሌ ተራ አካባቢ ከአርባ ዓመት በላይ በመካኒክነት የሠሩ ሰው ናቸው። ሙያውን የተማሩት ጣልያኖች ትተውት በሄዱት ቋንቋ ነው፤ ታምቡር፣ ሞላ፣ ካቦ፣ ኮፒሊያ፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ። ፍሬን የምንለው ራሱ የእነሱ ቃል ነው። እኔ በእንግሊዝኛ ካታሎግ የማውቀውን ዕቃ ሁሉ እሳቸው በሌላ ስም ይጠሩታል፤ ለዕቃው ግን ከእኔ ይልቅ እሳቸው ይቀርባሉ። ጋራዡ በር ላይ በርጩማ አውጥቼላቸው፣ ቡና በእጃቸው ይዘው መኪናዋን ለረጅም ጊዜ ተመለከቷት።

«ነከሰ ነው የምትለኝ?»

«አዎ ጋሼ፣ የግራ የኋላው ይነክሳል። ቱቦውን ቀይሬው ነበር፤ ምንም ለውጥ የለም።»

«ቀኙስ?»

«ቀኙ ደህና ነው።»

«ከላይ ወደ ኋላ የሚመጣው ቱቦ ስንት ነው?»

«አንድ።»

ሌላ አልጠየቁኝም። የቱቦው ካርቶን መሬት ላይ ወድቆ ነበር፤ እሱን አነሱና እስክሪብቶ ጠየቁኝ። አንድ መስመር አሰመሩ፤ ጫፉ ላይ ሁለት ቦታ ከፈሉት።

«ከወንዝ የሚመጣ ቦይ አንድ ነው እንበል። እዚህ ጋ ይከፈላል፤ አንዱ ወደ አንተ ማሳ፣ አንዱ ወደ ጎረቤትህ ማሳ። የአንተ ማሳ ቢደርቅና የጎረቤትህ ቢጠጣ፣ ወንዙን ምን ብለህ ትከሳለህ?»

ካርቶኑን ተቀብዬ አየሁት። እውነት ነው። ዋናው ፖምፓ ዘይቱን ባይመልስ ሁለቱም የኋላ ጎማዎች ይያዛሉ። ቱቦው ቢያብጥ ሁለቱም ይያዛሉ። ግራን ለይቶ ቀኝን የሚምር ነገር መገኘት ያለበት ከመከፈያው ወዲህ፣ በግራ በኩል ብቻ ነው። እዚያ ያለውም ጥቂት ነው፤ አንድ ቀጭን የብረት ቧንቧ፣ ሸራዎቹን የምትገፋው የጎማው ትንሽ ፖምፓ፣ ሁለት ሸራ፣ ሞላዎች፣ የሸራ ማጥበቂያው፣ ከእጅ ፍሬን የሚመጣው ካቦ። ለብ ያለ ቀኝ ጎማና ውሃ የሚያፈላ ግራ ጎማ በገዛ እጄ ዳስሼ ሳበቃ ገንዘብና አንድ እሑድ ያጠፋሁት ሁለቱ በሚጋሩት ዕቃ ላይ ነበር።

«አሁን ልክፈተው?» አልኳቸው።

«ደህና ሆኖ ሳለ ከፍተህ ምን ታያለህ? ሌባ እጅ ከፍንጅ ነው የሚያዘው። ሽታው ከመምጣቱ በፊት ምን አድርገህ ነበር?»

ዝይዎቹ ትዝ አሉኝ። የሁለተኛው ቅዳሜስ? የትራፊክ መብራት ድንገት ቀይ ሆኖብኝ በኃይል ቆሜያለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ሽታው የመጣው ከኃይለኛ ፍሬን በኋላ ነው። ጋራዥ ውስጥ ግን ጎማውን በእጄ ከማዞር በቀር ፔዳሉን አንድ ጊዜ እንኳ ጠንክሬ ረግጬ አላውቅም። ሙቀቱን መንስኤ ያደረግሁት ሽታውን ተከትዬ ስለሄድኩ ነው። ፍሬን ከተያዘ በኋላ ይሞቃል እንጂ ስለሞቀ አልተያዘም።

ጋሼ ከጎኔ ተቀመጡ። ከቤቱ ፊት ለፊት ባለው ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ፣ ሞተሩ ገና በረዶ ሆኖ ሳለ፣ አሥር ሜትር ያህል ተንቀሳቅሼ ፔዳሉን በሙሉ ጉልበቴ ረገጥኩና ለቀቅሁ። ከዚያ ቀስ ብዬ ወደፊት ልሂድ ብል ያዘች። ሽታ የለም፣ ሙቀት የለም፤ ይዛለች።

«ይኸውልህ» አሉ ጋሼ። «በሩን በዝግታ ክፈት። እንዳታንቀጠቅጣት።»

ለምን እንዲያ እንዳሉ ያን ጊዜ አልገባኝም፤ እንዳሉኝ አደረግሁ። ታኮ አስገባን፣ በክሪክ በጥንቃቄ አነሳናት፣ መቆሚያ ላይ አሳረፍናት። ቀኙ በእጅ ተሽከረከረ፤ ግራው አልነቃነቅ አለ። በመጨረሻ ተያዘ።

የመጀመሪያው ጥያቄ ሸራውን ታምቡሩ ላይ የገፋው ኃይል አሁንም የዘይት ነው ወይ የሚል ነበር። ለዚህ ደግሞ መልስ የምትሰጥ አንዲት ትንሽ ቡሎን አለች፤ ከትንሿ ፖምፓ ጀርባ ያለችው የአየር ማውጫዋ። ዘይቱ ታፍኖ ከሆነ ይህቺ ስትላላ ፊጭ ብሎ ይወጣል፤ ጎማውም በዚያው ቅጽበት ይለቃል። ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ሰክቼባት ጫፉን ብርጭቆ ውስጥ ከትቼ ሩብ ዙር አላላኋት። አንድ ጠብታ መጣ፤ ቆይቶ ሌላ አንድ። ጎማው ፍንክች አላለም። በአንዲት ቡሎን ሩብ ዙር ዋናው ፖምፓ፣ ቱቦው፣ የብረት ቧንቧው ሁሉ ከተጠርጣሪነት ወጡ።

ቀጥሎ የእጅ ፍሬኑ። ካቦው ውስጡ ዝጎ የማይመለስበት ጊዜ አለ፤ ያኔ የእጅ ፍሬኑ ወርዶም ከታች እንደተሳበ ይቀራል። ከጎማው ጀርባ ካቦውን ከማንሻው የምታገናኘውን ፒን ኮፒሊያዋን ፈትቼ አወጣኋት። ካቦው ተንጠለጠለ፤ ማንሻው ላላ። ጎማው ያው ነው።

የቀረው ታምቡሩ ውስጥ ያለው ብቻ ሆነ። ለመክፈት መጀመሪያ ጎማው መውጣት አለበት። ጋሼ ሁለት እጃቸውን ጎማው ላይ አድርገው ለማዞር ጫን እንዳሉ ያዙት። እኔ የመዳብ መዶሻዬን አነሳሁ።

«ምታ» አሉኝ።

አንድ ጊዜ መታሁ። ቀጭ! ጎማው በጋሼ እጅ ውስጥ ዞረ።

መዶሻውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ያ ድምፅ ወንዙ ዳር የሰማሁት ነው። ያኔ የሽቦ ቸርኬዎቹ የሚገቡበት ጥርስ ስላረጀ ነው ብዬ አልፌዋለሁ፤ እነዚህ ቸርኬዎች ጥርሳቸው ሲበላ መኪናው ሲነሳ እንዲያ የሚያሰሙት ድምፅ አላቸውና። አሁን ግን የገባኝ ሌላ ነው። ጎማውን ልመረምር በተነሳሁ ቁጥር የመጀመሪያ ሥራዬ ዳዶውን በመዶሻ መምታት ነበር። የተያዘውን ነገር የሚያስለቅቀው ደግሞ ያ ምት ራሱ ነው። መንገድ ላይ ራሱ ባይለቅ እንኳ፣ ጋራዥ ውስጥ ጎማው ነጻ ሆኖ የሚጠብቀኝ ማስረጃውን በገዛ እጄ ስለማጠፋ ነበር።

«ዘይት በመዶሻ አይለቅም፤ ዝገትም እንዲህ ቶሎ አይለቅም» አሉ ጋሼ። «የሆነ ነገር ላይ ወጥቶ ተንጠልጥሎ ነው።»

ማጥበቂያውን አላልተን ታምቡሩን ከማውጣታችን በፊት ውስጡን በውሃ ረጨሁት። የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ይኖርበታል፤ ዱቄቱ ሳንባ ውስጥ ከገባ አይወጣም፤ እርጥብ አድርጎ በጨርቅ መጥረግ እንጂ መንፋት አይገባም። ለጋሼ ይህን ስነግራቸው ትንሽ ዝም አሉ። «እኛ በኮምፕሬሰር ነበር የምንነፋው» አሉ በመጨረሻ፤ «በየቀኑ»። ከዚያ ስለ እሱ ሌላ አልተናገሩም። እኔም አልጠየቅኋቸውም።

ሸራ የሚለው ቃላቸው ግን ቀኑን ሙሉ ከጆሮዬ አልጠፋም። ለእኔ ሸራ የድንኳን ጨርቅ ነው። በ1897 እንግሊዝ አገር የፍሬን ማልበሻ መሥራት የጀመረው ሄርበርት ፍሩድ ቆየት ብሎ ለዚሁ ሥራ የተጠቀመበት ነገር የተነከረ፣ የተሸመነ ጥጥ ነበር። የእኛ መካኒኮች ዛሬ ከተጋገረ ዱቄት የሚሠራውን ማልበሻ አሁንም ሸራ ሲሉት ስሙ የአያቱን ሥራ ያስታውሳል። ታምቡሩ ሲወጣ ደግሞ ትንሿ ፖምፓ ላይ ሎክሂድ የሚል ጽሕፈት አየን። ጋሼ አነበቡትና «የአውሮፕላኑ?» አሉ። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1985 የእንግሊዝ አየር ኃይል የሎክሂድ ሥሪት የሆኑ ሄርኩለስ አውሮፕላኖች በረሃብ በተጎዳው የኢትዮጵያ ደጋ ላይ እህል ሲጥሉ ስሙን ያወቀ ትውልድ ናቸው። ስሙ በእርግጥ የአንድ ቤት ነው። ማልኮምና አለን የሚባሉ ወንድማማቾች አብረው አውሮፕላን ይሠሩ ነበር፤ ማልኮም ኋላ በዘይት ግፊት የሚሠራ ፍሬን ወደ መፍጠር ዞረ፤ በ1921 የወጣው ዱሰንበርግ በአራቱም ጎማ ላይ ያን ፍሬን ይዞ ገበያ ገባ። የአንዱ ወንድም ሥራ ሰማይ ላይ፣ የሌላው ምድር ላይ በአንድ ስም ቀረ።

ወደ ሥራችን እንመለስ። ታምቡሩ ወጥቶ ሁለቱ ሸራዎች ተገልጠዋል፤ ግማሽ ጨረቃ መስለው ፊትና ኋላ ቆመዋል። ታምቡር በሌለበት ፔዳል መርገጥ አደገኛ ነው፤ የሚገታቸው ስለሌለ ፒስቶኖቹ ተስፈንጥረው ዘይቱ ይፈስሳል። ጋሼ አንድ ወፍራም የእንጨት ቁራጭ ሸራዎቹ እንዳያልፉ አድርገው ያዙ፤ እኔ ገብቼ በሁለት ጣት ያህል ብቻ ረገጥኩ።

«ልቀቅ» አሉ። «አሁን ደገም አድርገህ፣ ጠንከር።»

ረገጥኩ፤ ለቀቅሁ።

«ና እይ።»

የፊተኛው ሸራ በሞላው ተስቦ ወደ ቦታው ተመልሷል። የኋለኛው ወጥቶ እንደወጣ ቆሟል። ሞላው ተወጥሮ ይጎትተዋል፤ ግን አይመጣም። ጋሼ በካቻቢቴው እጀታ ነካ አደረጉት። ቀጭ፤ ተመለሰ።

«ፖምፓው ነው!» አልኩ። ስልኬን አውጥቼ አዲስ ፖምፓ ልገዛ እየፈለግሁ ነበር። ከአንዱ ስህተት ወጥቼ ወደ ሌላው ልገባ፣ ያለ ማረጋገጫ ዕቃ ልቀይር። ጋሼ አልተቆጡኝም። ሞላዎቹን ፈትተው ሸራዎቹን ሁለቱንም አወጡና የፖምፓውን ፒስቶኖች በአውራ ጣታቸው ገፉ። አንዱ ሲገባ ሌላው ወጣ፤ ይኼኛውን ሲገፉ ያኛው ወጣ፤ ያለ ምንም መንገራገጭ።

«ይኼ ምን አጠፋ?» አሉኝ።

ከዚያ ያላሰብኩትን አደረጉ። መነጽራቸውን አወለቁ። ሸራዎቹ የሚደገፉበትን የብረት ሳህን፣ ከታምቡሩ ጀርባ እንደ ግድግዳ የቆመውን፣ ዓይናቸውን ጨፍነው በጥፍራቸው መዳበስ ጀመሩ። ሳህኑ ላይ ከሌላው ገጽ ከፍ ያሉ ትናንሽ ሜዳዎች አሉ፤ የሸራው ብረት ጠርዝ ሲወጣና ሲገባ የሚንሸራተተው በእነዚያ ላይ ነው። ጥፍራቸው አንዱ ሜዳ ላይ ሲደርስ ቆመ። እጄን ያዙና የእኔን ጥፍር እዚያው አኖሩት።

ጥፍሬ ገባ። ጎድጓዳ ነበር፤ ጥልቀቱ አንድ ሚሊሜትር ቢሆን ነው። በዓይን ሲታይ የቅባት እድፍ ይመስላል፤ ጣት ግን ወዲያው ያገኘዋል። ለሃምሳ ዓመት ያለ ቅባት የተፋተገ ብረት ብረትን በልቶት፣ የጋሪ ጎማ በጭቃ መንገድ ላይ የሚያወጣውን ዓይነት ቦይ አውጥቷል።

ነገሩ ሁሉ በዚያች ጎድጓዳ ውስጥ ተፈታ። ፍሬኑ በቀስታ ሲረገጥ ሸራው የሚንቀሳቀሰው በጎድጓዳው ርዝመት ውስጥ ነው፤ ይወጣል፣ ይመለሳል። በኃይል ሲረገጥ ግን ብረቱ ሁሉ ትንሽ ይለጠጣልና ሸራው ከወትሮው አልፎ ይሄዳል፤ ጠርዙ ከጎድጓዳው ወጥቶ ከንፈሩ ላይ ይቀመጣል። ሞላው ያንን ከንፈር ለመሻገር የሚበቃ ጉልበት የለውም። ምት ወይም ንቅናቄ ግን ያሻግረዋል፤ የመዶሻ፣ የመንገድ፣ የበር። ጋሼ በሩን በዝግታ ክፈት ያሉኝ ለዚህ ነበር፤ ገና ሳያዩት ጠርጥረውታል። እንደ እኔ ሦስት ሳምንት በተዘዋወረ ሰው ፊት ግን ሳያረጋግጡ አልተናገሩም።

እኔ ደስ ብሎኝ ላቅፋቸው ስል እሳቸው ጨርቁን አንስተው እጃቸውን እየጠረጉ ወደ ሌላው ጎን እያዩ ነበር።

«ቀኙስ?»

«ቀኙ እኮ ደህና ነው፣ ጋሼ።»

«እስኪ ክፈተው።»

ከፈትነው። ያው ሳህን፣ ያው ሜዳ። ዓይኔን ጨፍኜ በጥፍሬ ዳበስኩት። መጀመሪያ ምንም የለም አልኩ፤ መልሼ ስሄድበት ጥፍሬ እንደ ፀጉር ቀጭን በሆነ ነገር ላይ ነካ አለ። እሱም ጀምሯል። ግራው ቀድሞ ደረሰ እንጂ ቀኙም በዚያው መንገድ ላይ ነው። «ይሄ ገና ልጅ ነው» አሉ ጋሼ፤ «ያድጋል።»

ጥገናው ከምርመራው ቀለለ። ሳህኖቹን ለማውጣት የጎማው መቀመጫ ሁሉ መፈታት ስላለበት አንድ ሙሉ ቀን ወሰደብን። ብየዳ ያለው የአገር ልጅ ጎድጓዳዎቹን ሞላልን፤ ትርፉን ጋሼ በሞረድ እያለዘቡ፣ የብረት ማስመሪያ እያስደገፉ ብርሃን እስከማያሳልፍ ድረስ አስተካከሉት። ሲገጠም በየሜዳው ላይ ለፍሬን የተሠራ፣ ሙቀት የሚችል ግራሶ ቀባን፤ ዓይን ላይ እንደሚቀባ ኩል ስስ ብቻ። ተራ ግራሶ ሲሞቅ ቀልጦ ሸራው ላይ ይፈስሳል፤ ያን ጊዜ ደግሞ የማይይዝ ፍሬን ይሆናል።

ዘይቱንም እንደገና ቀየርኩት። በዚያ ሙቀት ውስጥ ያለፈ ዘይት አላምንም አልኩ። ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ ከአየር እርጥበት ሲጠጣ ግን ይህ ወደ 155 ይወርዳል። የነከሰ ፍሬን ሙቀቱን ለፖምፓው ሲያቀብል ዘይቱ ይፈላል፤ የፈላ ዘይት እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ሲጫኑት ይኮማተራልና ፔዳሉ ወለል ይነካል፣ መኪናው ግን አይቆምም። ያንን ቅዳሜ ሽታውን ችላ ብዬ ብቀጥል ኖሮ ቀጣዩን መታጠፊያ በምን እንደማልፈው አላውቅም። በአሮጌ መኪና ላይ የሚሸት ፍሬን ነገ የሚታይ ነገር አይደለም፤ እዚያው ቆሞ ጎማን መዳሰስ ነው።

ጋሼ ወደ አገር ቤት ሊመለሱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ወደዚያው መንገድ ወሰድኳቸው። ዝይዎቹ በተሻገሩበት አካባቢ፣ ከኋላዬ ማንም አለመኖሩን አይቼ፣ በሙሉ ጉልበቴ ረገጥኩና ለቀቅሁ። ሄደች። ወንዙ የሚታይበት ማቆሚያ ድረስ ነዳሁና ማርሹን ዜሮ ላይ አድርጌ ፍሬኑን ለቀቅሁ፤ በራሷ ቁልቁል ልትንሸራተት ጀመረች፤ መልሼ ያዝኳት።

ጋሼ ወርደው ዞሯት። መዳፋቸውን ግራው ላይ አኖሩ፤ ከዚያ ቀኙ ላይ፤ እንደገና ግራው ላይ። ከዚያ መጥተው እንድወርድላቸው በእጃቸው ምልክት ሰጡኝና እኔ ከነበርኩበት ወንበር ላይ፣ ጉልበታቸውን በጥንቃቄ አጥፈው ተቀመጡ። ፔዳሉን በኃይል ረገጡ። ያዙት። ለቀቁት። ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ወደ ግራው የኋላ ጎማ ጆሯቸውን አዘነበሉ።

ምንም አልተሰማም።

«አንድ ጊዜ ልድገመው» አሉ።

ደገሙት።